ኤክሴል ይሻላል ወይስ አንደበት? የአካውንቲንግ ተማሪዎች ይጠይቃሉ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአካውንቲንግ ተማሪዎች ናቸው። ተማክረው የጻፉ ነው የሚመስለው። አንዱ በኤክሴል ይጀምራል፣ ሌላዋ በዓይን አፋርነቷ፣ ሌላው ደግሞ ማሽን ሥራዬን ሊወስድብኝ ነው ብሎ። ዞሮ ዞሮ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ተመርቀን ስንወጣ እንጀራ የሚያበላን የትኛው ችሎታ ነው? ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ለቅቄዋለሁ። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ አራት ነን፣ አራታችንም አንድ ዲፓርትመንት። ሰሞኑን ክርክር ገጥመን እስካሁን አልተስማማንም። አንደኛው «ስታንዳርዶቹን (የሒሳብ አሠራር ደንቦቹን) ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሌላ ምንም አያስፈልገውም» ይላል። ሁለተኛው ኤክሴል ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ሦስተኛው ደግሞ «ዋናው ሶፍት ስኪል (ከሰው ጋር የመግባባትና የመሥራት ችሎታ) ነው፣ ሌላውን ሥራ ላይ ትማረዋለህ» ባይ ነው። እኔ መሃል ላይ ቀርቻለሁ። ማነው ልክ?
(ከአራቱ አንዱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ሁላችሁም ልክ ናችሁ» ብዬ ላስታርቃችሁ እችል ነበር። ግን አይሆንም። በጣም የተሳሳተው ሦስተኛው ጓደኛህ ነው።

መጀመሪያ ግን ይህ ክርክር የእናንተ ዶርም የፈጠረው እንዳይመስልህ። በ1989 በአሜሪካ፣ በጊዜው «ትልልቆቹ ስምንት» የሚባሉት የኦዲት ድርጅቶች ለዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ሰነድ አውጥተው ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ ደንብ መሸምደድ ብቻውን አይበቃም፤ መጻፍን፣ መናገርን፣ ያልተለመደ ችግር መፍታትን፣ ከሰው ጋር መሥራትንም አስተምሩልን የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ስንት ጥናት ተሠርቷል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች ፌዴሬሽንም ለሙያው ባወጣቸው የትምህርት ደረጃዎች ውስጥ ክህሎቱን አራት ቦታ ከፍሎ አስቀምጦታል፦ የማሰብ፣ ከሰው ጋር የመሥራትና የመግባባት፣ ራስን የመምራት፣ ሥራን የማደራጀት። ዝርዝሩ አለ ማለት ነው። ማንም አልደበቀውም።

እኔ ደጋግሜ የማነሳው ግን በ2008 በአውስትራሊያ የታተመ አንድ ጥናት ነው። ተማሪዎችንም ቀጣሪዎችንም ጠየቁ። ተማሪዎቹ መግባባት፣ ትንተናና የቡድን ሥራ ሙያው እንደሚፈልጋቸው እያወቁ መጥተዋል። ችግሩ ሁለቱም ወገኖች «ዩኒቨርሲቲው እነዚህን በበቂ ሁኔታ አያስተምርም» ማለታቸው ነው። ቀጣሪዎቹ ደግሞ ሌላም ነገር አሉ፦ መሠረታዊ አካውንቲንግ በደንብ የገባውና ነገር መተንተን የሚችል ሰው አሁንም እንፈልጋለን፣ በዚያ ላይ የንግዱን ዓለም የሚያውቅ ይሁን።

እንግዲህ «ሌላውን ሥራ ላይ ትማረዋለህ» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ሥራ ላይ የምትማረው የቤቱን አሠራር ነው። የትኛው ቅጽ በማን ይፈረማል፣ ወር መዝጊያ ስንት ቀን ይፈጃል፣ የትኛው ክፍል ሰነድ ያዘገያል። አክሩዋል (ገቢና ወጪን ገንዘቡ እጅ በገባ ወይም በወጣ ጊዜ ሳይሆን በተፈጸመበት ጊዜ መመዝገብ) ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ አድርጎ የሚያስተምርህ አለቃ የለም። ቢኖርም ጊዜ የለውም።

አንደኛው ጓደኛህ ታዲያ አሸነፈ? ግማሹን ብቻ። አንድ ምሳሌ ላምጣ። አንድ የድርጅት ባለቤት የዓመቱን ሪፖርት ይዞ መጣ እንበል። ካዝናው በዓመቱ መጀመሪያ ባዶ ነበር። «ትርፍ 800,000 ነው ብላችሁኛል። ባንክ ያለኝ ግን 50,000 ነው። ገንዘቤ የት ገባ?» ይላል። ሰውየው ተቆጥቷል፣ ትንሽም ጠርጥሯል። ስታንዳርድ ብቻ የሸመደደ ተመራቂ «ሒሳቡ የተሠራው በአክሩዋል ቤዝስ ስለሆነ ነው» ብሎ ይመልስለታል። መልሱ ልክ ነው። ለሰውየው ግን ምንም አላለውም። ሌላው ወረቀት ያወጣና «ከ800,000ው ውስጥ 300,000 በዱቤ ወስደው ገና ያልከፈሉ ደንበኞች እጅ ነው፤ 350,000ው ዕቃ ሆኖ መጋዘን ተቀምጧል፤ 100,000ው የብድር ዋና ገንዘብ ተመልሶበታል፤ ቀሪው 50,000 ባንክ ያለው ነው» ይለዋል። ሰውየው አሁን ጠቡ ከሒሳብ ክፍሉ ጋር እንዳልሆነ ገባው። ዱቤ ሰብሳቢውንና ዕቃ ገዢውን ሊጠራ ነው።

ይህን ሁለተኛውን መልስ ለመስጠት ካሽ ፍሎው (ጥሬ ገንዘብ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ) በደንብ የገባህ መሆን አለብህ። ንግግር አዋቂ መሆን አያስፈልግህም። ሦስተኛው ጓደኛህ ያላየው ይህንን ነው፤ በእኛ ሙያ «መግባባት» ተብሎ ለብቻው ተለይቶ የሚቀመጥ ነገር የለም፣ ያልገባህን ነገር ማስረዳት አትችልማ። አንደኛው ያላየው ደግሞ ሌላ ነው፦ የተረዳው ነገር ከአፉ ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ካልደረሰ ደመወዝ አይከፈልበትም።

ስለዚህ ከመከራከር ይልቅ ተፈታተኑ። የዛሬዋን ርዕስ ሌላ ዲፓርትመንት ላለ ልጅ አስረዱት። ለምሳሌ ዲፕሪሲየሽንን። ግማሾቻችሁ «ማሽኑ ሲያረጅ ሌላ መግዣ የሚጠራቀም ገንዘብ ነው» እንደምትሉ እገምታለሁ። አይደለም። ማንም ምንም ብር አያስቀምጥም፤ ማሽኑ ሲገዛ የወጣው ወጪ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ይከፋፈላል እንጂ። የታሪክ ወይም የባዮሎጂ ተማሪ «ታዲያ ብሩ የት ነው ያለው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ማን እንደገባው፣ ማን እንደሸመደደው ወዲያው ይለያል።

ሁለተኛው ጓደኛህ እንዳይቀየም፣ የኤክሴሉን ነገር ቀጥሎ ያለው ደብዳቤ ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ የትኛውን የሒሳብ ሶፍትዌር ብማር ይሻለኛል? ፒችትሪ፣ ኩዊክቡክስ፣ ኤስኤፒ፣ ኦራክል... ማስታወቂያው ብዙ ነው፣ ሁሉም «ያለዚህ ሥራ አታገኝም» ይላል። ሁሉንም ለመማር አቅም የለኝም።
(ግራ የገባው)

መልስ፦ አንዱን ተማር። በቀላሉ የምታገኘውን። ግን እስከ መጨረሻው ተማረው፦ የሒሳብ መደቦችን ከመክፈት፣ የመነሻ ሒሳብ ከማስገባት፣ ግዢና ሽያጭ ከመመዝገብ፣ ፔሮል (ደመወዝ) ከመሥራት፣ የባንክ ስቴትመንትን ከመዝገብ ጋር ከማስታረቅ እስከ ዓመት መዝጋት። አንዱን ዙር በሙሉ የሠራ ሰው ሁለተኛው ሶፍትዌር ላይ የሚቸገረው ቁልፉ የት እንዳለ ለማግኘት ብቻ ነው። ፒችትሪ ራሱ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል። ዴቢት ግን ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞ ካስረዳው ጀምሮ ከመዝገቡ ግራ ጎን አልተነቃነቀም።

ኤክሴል ላይ ግን ጨክን። ሰም ኢፍስ (በመስፈርት መደመሪያ)፣ ሉካፕ (ከሌላ ሠንጠረዥ ፈልጎ ማምጫ)፣ ፒቮት ቴብል (ዳታ ማጠቃለያ) የግድ ናቸው። ከእነሱ በላይ ግን የምመክርህ አንድ ልማድ አለ፤ በማንኛውም ኮርስ ላይ በርዕስነት ሲቀርብ አላየሁትም። ዳታ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስታዛውር የመስመሩን ብዛትና ድምሩን በፊትና በኋላ አመሳክር። ቀላል ይመስላል አይደል? በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ጠፍተው ነበር። ምክንያቱ ከላቦራቶሪ የመጣው ዳታ በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ውስጥ መግባቱ ነው። ያ ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ አይቀበልም። የተረፈውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። አንድ ሰው ገባ የተባለውንና የገባውን ቢቆጥር ኖሮ ያን ዕለት ይያዝ ነበር።

ሌላ አሮጌ ዘዴም ልጨምርልህ፣ ዛሬም ይሠራል። በእጅ ያስገባኸው ሒሳብ አልገጥም ሲልህ ልዩነቱን ለ9 አካፍለው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ 5,400ን 4,500 ብለህ ገልብጠህ እንደሆነ ጠርጥር። ለ2 አካፍለህ ያገኘኸው ቁጥር ደግሞ መዝገቡ ውስጥ ካለ፣ በተሳሳተ ጎን ጽፈኸዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስሜ ይቅር። እውነቱን ልንገርዎትና አካውንቲንግን የመረጥኩት ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ ነው። ከቁጥር ጋር ብቻዬን እሠራለሁ ብዬ ነበር። አሁን አስተማሪዎቹ ሁሉ ፕሬዘንቴሽን፣ ፕሬዘንቴሽን ይላሉ። ተራዬ ሲደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ተሳስቼ ነው የገባሁት?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም እህቴ። ብቻሽንም አይደለሽም። ይህ ነገር ስንት ጊዜ ተጠንቷል መሰለሽ! ከሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ጋር ሲነጻጸሩ የአካውንቲንግ ተማሪዎች የመናገር ፍርሃታቸው ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። አይገርምም። ሰው ስለ ሒሳብ ሠራተኛ ያለው ሥዕል ከመዝገብ ላይ ቀና የማይል ሰው ነው፤ ያን ሥዕል አይተው የሚመጡ ልጆች ደግሞ በብዛት አንቺን የሚመስሉ ናቸው።

ግን ሥዕሉ ልክ አይደለም። ሥራው ንግግር አለበት። አይዞሽ፣ መድረክ ላይ የሚደረገው ዓይነት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ንግግሩ ከአንድ ሰው ጋር ነው፣ ያም ሰው ሥራ በዝቶበታል፣ አንቺን ማየቱም ብዙ አላስደሰተውም። ለምሳሌ የዕቃ ቆጠራ አለ። ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) 240 ይላል፣ የተቆጠረው 228 ነው። ግምጃ ቤት ኃላፊው አጠገብሽ ቆሟል። አሁን ምን ትያለሽ?

«12 ዕቃ ለምን ጎደለ?» ካልሽው ሰውየው ሌባ የተባለ ይመስለዋል፣ መከላከል ይጀምራል፣ ቀኑን ሙሉ ስትጨቃጨቁ ትውላላችሁ። «ዕቃ ሲወጣ እንዴት እንደምትመዘግቡ ያሳዩኛል?» ብትይው ግን ካርዱን ያወጣል፣ ቅጾቹን ያወጣል፣ ሲያሳይሽ ምናልባት ራሱ «እንዴ፣ ይቺ የማክሰኞዋ ወጪ ገና አልተመዘገበችም» ይላል። ኦዲተሮች አንድን አሠራር ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ተከታትለው የሚያዩት እንዲህ እየጠየቁ ነው። ድምፅ ማሰማት አይጠይቅም። ዝግጅት ይጠይቃል። ከመሄድሽ በፊት ሦስት ጥያቄ ጻፊ፣ ምን ሰነድ ማየት እንደምትፈልጊ እወቂ፣ ጠይቀሽ ዝም በይ። ዝምታውን ሰውየው ይሞላዋል። እዚህ ላይ ለፍላፊዎቹ ተማሪዎች አንቺ ጋ አይደርሱም፤ እነሱ ጥያቄውን ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሱታል።

ጽሑፍም አለ። ከሥራው እኩሌታ በላይ በጽሑፍ ነው ብል አላጋነንኩም፦ የጎደለ ደረሰኝ የሚጠይቅ ኢሜይል፣ ለአለቃ የሚላክ አጭር ማስታወሻ፣ ከሪፖርቱ ሥር ያለው ማብራሪያ። ጥሩ ኢሜይል ምን ጎደለ፣ ከማን ይጠበቃል፣ እስከ መቼ የሚሉትን በአራት መስመር ይጨርሳል። አሁኑኑ ልትለማመጂው ትችያለሽ፣ እጅሽም አይንቀጠቀጥም።

ፕሬዘንቴሽኑን ግን አትሽሺው። ትንሹን ክፍል ውሰጂ፣ ግን በደንብ የምታውቂውን። ሠንጠረዥ የሚያስረዳውን ክፍል ብትወስጂ ይሻልሻል፣ የሰው ዓይን ከአንቺ ወደ ሠንጠረዡ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅሽ፦ ስህተት አይተሽ አፍረሽ ዝም ማለት። ዝምታሽ ሥራሽን የሚጎዳው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በአካውንቲንግ በከፍተኛ ማዕረግ ነው የተመረቀችው። ለቃለ መጠይቅ ትጠራለች፣ ትሄዳለች፣ ከዚያ አይደውሉላትም። ከእሷ ያነሰ ውጤት ያላቸው ጓደኞቿ ገብተዋል። ምን ጎደላት?
(አባት)

መልስ፦ አባባ፣ መጠራቷ ራሱ ውጤቷ ሥራውን እንደሠራ ያሳያል። ውጤት በሩ ድረስ ያደርሳል፤ ከገቡ በኋላ ሌላ ነገር ነው የሚጠየቀው። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ትርጉም አይጠይቁም። «የባንክ ስቴትመንቱና የእኛ መዝገብ አይገጥሙም፣ ከየት ትጀምሪያለሽ?» ይላሉ። እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ የባንክ ማስታረቂያ ምን ማለት እንደሆነ መተርጎም ይጀምራል። እነሱ የሚፈልጉት ግን ጮክ ብላ ስታስብ መስማት ነው፦ መጀመሪያ የተጻፉ ግን ባንክ ያልደረሱ ቼኮችን አያለሁ፣ ከዚያ ባንክ ገና ያልመዘገበውን ገቢ፣ ከዚያ እኛ ያልመዘገብነውን የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያ ስህተት እፈልጋለሁ። ብትሳሳት እንኳ አካሄዷን ያዩላታል።

ለዚህ የሚያስፈልጋት ልምምድ ነው፤ ጠያቂው ደግሞ እርስዎ ይሁኑ። ሒሳብ አለማወቅዎ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንድ ጥያቄ ይስጧትና እርስዎ እስኪገባዎ ድረስ ታስረዳዎ። ካልገባዎ «አልገባኝም» ይበሏት፣ አይራሩላት። ሌላው ደግሞ የምትሄድበት ድርጅት ምን ሸጦ እንደሚተዳደር፣ ትልቁ ወጪው ምን ሊሆን እንደሚችል አስባበት ትሂድ። ብዙ ተመራቂ ይህን ሳያስብ ነው ገብቶ የሚቀመጠው። እስከዚያው የሚያውቁት ማኅበር ወይም ዕድር ካለ መዝገቡን ትያዝላቸው። በክፍያ ባይሆንም እውነተኛ ደረሰኝ፣ እውነተኛ ጉድለት፣ እውነተኛ ተቆጪ አባላት ታገኛለች፣ ቃለ መጠይቅ ላይም የምትናገረው ነገር ይኖራታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ግን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ (ኤአይ) ሁሉን ነገር እየሠራ ነው። አካውንታንት 94 ፐርሰንት ይጠፋል የሚል አንብቤያለሁ። ዲፓርትመንት ልቀይር?

መልስ፦ ያቺ 94 ከመቶ የት እንደተወለደች ታውቃለህ? በ2013 ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ካወጡት ጥናት ነው የመጣችው። አካውንታንትና ኦዲተርን 94፣ መዝገብ ያዥ ጸሐፊዎችን 98 ከመቶ ላይ አስቀመጧቸው። የገመቱት ግን ሥራው በቴክኒክ ደረጃ ለማሽን ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ነው። ከመቶው አካውንታንት 94ቱ ይባረራሉ አላሉም። ቁጥሩ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ትርጉሙ መንገድ ላይ ቀርቷል። (የቁጥር ባለሙያ ልትሆን ነውና ይህም ትምህርት ይሁንህ፣ ቁጥር ስታነብ ምን ተለክቶ ነው ብለህ ጠይቅ።)

ሙያው ማሽን ሲመጣበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ቪዚካልክ የሚባለው የመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር ስፕሬድሺት (የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም) በ1979 ሲወጣ፣ ከዚያ በፊት ሰፋፊ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ሲቀየር የሚከተሉትን ሁሉ በላጲስ አጥፍቶ እንደገና መደመር የሰው ሥራ ነበር። ያ ሥራ ቀረ። በምትኩ አለቆች «ዋጋ በ5 ከመቶ ብንጨምርስ? ብድሩን ብናዘገየውስ?» ማለት ጀመሩ፣ መልሱን የሚሠራላቸው ሰው ያስፈልግ ነበርና።

አሁንም ደረሰኝ አንብቦ መመዝገብን፣ የባንክ መስመር ማዛመድን፣ የማስታወሻ ረቂቅ መጻፍን ማሽኑ እየወሰደው ነው። ይውሰድ። ደረሰኙ ላይ ያለው ዕቃ በእርግጥ ግቢ መግባቱን ግን አያውቅም። ከደንበኞች ዱቤ ምን ያህሉ እንደማይሰበሰብ ሲገመት፣ የዚያ ደንበኛ ንግድ እየተንገዳገደ መሆኑን ከሽያጭ ሠራተኛው ሰምቶ አያመጣም። አንዳንዴም የሌለ ነገር በሙሉ ልብ ይነግርሃል። ሪፖርቱ ላይ የሚፈርመው ደግሞ ሰው ነው፣ ሲጠየቅም ሰውየው ነው የሚጠየቀው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልደብቅህም። ጀማሪ ሠራተኛ ሙያውን የሚማረው በእነዚያ አሰልቺ ሥራዎች ነበር። መቶ ደረሰኝ ስትመዘግብ መቶ አንደኛው ላይ የሆነ ነገር ይከነክንሃል። አሰልቺው ሥራ ሲቀር መከንከኑን የት ትማረዋለህ? ለዚህ ነው አሳይመንት በኤአይ የሚያሠሩ ልጆች የሚያናድዱኝ። ነገሩ የማጭበርበር ብቻ አይደለም፤ የቀረቻቸውን አንዲት መለማመጃ አሳልፈው እየሰጡ ነው። መጀመሪያ በእጅህ ሥራው። ከዚያ ለማሽኑ ስጠው። ከዚያ ሁለቱን አስተያይና የት እንደተለያያችሁ፣ ማን ልክ እንደሆነ አረጋግጥ። ይህን ያህል ከሠራህ ዲፓርትመንት መቀየር አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና የሥነ ምግባር ኮርስ የምንወስደው ለግሬድ ነው። አምስቱን መርሆች ሸምድደን ፈተና ላይ እንጽፋለን። ይሄ እንደ ክህሎት ይቆጠራል? አለቃህ አድርግ ካለህ ታደርጋለህ፣ በቃ።
(እውነቱን እንነጋገር)

መልስ፦ እንነጋገር። አምስቱ ሐቀኝነት፣ ሚዛናዊነት፣ ሙያዊ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሙያዊ ባሕርይ ናቸው። ፈተና ላይ ጽፈሃቸዋል፣ ጥሩ። አሁን «አለቃህ አድርግ ካለህ» የምትለዋን ልንገርህ።

በ2002 የወርልድኮም ጉዳይ ወጣ። ግዙፍ የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ ነበር። በሌሎች ኩባንያዎች መስመር ለመጠቀም የሚከፍለው ኪራይ ወጪ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። እነሱ ግን ከወጪ አንስተው ንብረት ላይ መዘገቡት። ወጪው ቀነሰ፣ ትርፉ አበጠ። መጀመሪያ ይፋ የሆነው ብቻ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ በኋላ ወደ 11 ቢሊዮን ደርሷል። ዘዴው ምንም ረቂቅነት የለውም።

ኢንትሪዎቹን (የሒሳብ ምዝገባዎቹን) የሠሩት መካከለኛ እርከን ላይ ያሉ ሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። ልክ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ለአለቆቻቸውም ተናግረዋል። ግን ለዚህ ሩብ ዓመት ብቻ ነው እየተባለ ቀጠሉ። በኋላ «ታዝዤ ነው» ማለት አላዳናቸውም፤ ተከሰው ጥፋተኛነታቸውን አመኑ፣ እስር ቤት የገቡም አሉ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ማጭበርበሩን ያገኙት ደግሞ የዚያው ኩባንያ የውስጥ ኦዲተሮች ናቸው። ሲንቲያ ኩፐር የምትመራቸው ጥቂት ሰዎች፣ የሌሎች ዓይን እንዳያርፍባቸው ማታ ማታ እየሠሩ ደጋፊ ሰነድ የሌላቸውን ትልልቅ ኢንትሪዎች አንድ በአንድ አወጧቸው። ሲጠይቁ የነበረው ጥያቄ «ለዚህ ሰነዱ የታለ?» የሚል ነው።

እና አዎ፣ ክህሎት ነው። ያን ሰዓት ጀግንነት ከየት ይመጣል ብለህ አትጠብቅ፣ አፍህ ላይ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ይኑርህ። «ይህን ኢንትሪ የሚደግፈው ሰነድ የቱ ነው?» «በየትኛው የስታንዳርዱ ክፍል ነው የምናስረዳው?» «ትዕዛዙን በኢሜይል ይላኩልኝ፣ ከፋይሉ ጋር አያይዘዋለሁ።» የመጨረሻዋን ብዙ አለቃ አይወዳትም። ዓረፍተ ነገሯ የምትጠቅመው ለዚያ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ ከአለቃህ በላይ ወዳለው ሰው፣ ወደ ውስጥ ኦዲት፣ ካልሆነም ወደ በሩ። ሥራ መልቀቅ ቀላል ነው እያልኩህ አይደለም፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው እንደሚከብደው አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጀመሪያዋ ትንሽ ኢንትሪ ላይ መናገር የሚሻለው፤ አራተኛዋ ላይ ስምህ ሦስት ቦታ ተፈርሟል።

ጥያቄ፦ የግሩፕ አሳይመንት ክህሎት ያስተምራል ይላሉ። አምስት ሰው ነን። የሠራሁት እኔ ነኝ። ስም የአምስት ሰው ነው። ምን ተማርኩ?
(የተቃጠለች)

መልስ፦ ብቻሽን መሥራት ተምረሻል፣ እነሱ ደግሞ ሰው ላይ መንጠላጠል። ቢሮም ገብተሽ ታገኛቸዋለሽ፣ አይጠፉም።

ለቀጣዩ ግን እንደ ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) አድርጊው። ቫውቸር ላይ ከታች ሦስት ቦታ አለ አይደል፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። አሳይመንቱን በክፍል ከፋፍላችሁ እያንዳንዱ ገጽ ሥር ይህን አድርጉ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ቁጥሩን ከምንጩ ጋር ያመሳክራል፣ ሦስተኛው አንብቦ ያሳልፋል፣ ሁሉም በየቦታው ይፈርማል። በሚቀጥለው ክፍል ላይ ቦታ ትለዋወጣላችሁ። አንድ ሰው የሠራውን ያው ሰው እንዳያጸድቅ የሚለውን የውስጥ ቁጥጥር ደንብ መቼም ተምራችኋል፤ እነሆ ሥራ ላይ ዋለ። ያልፈረመ ሰው ስሙ አይገባም። ይህን ግን በመጀመሪያው ቀን ሁላችሁም ባላችሁበት ተናገሪ፣ ማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ካነሳሽው ጠብ ነው የሚሆነው። ከተስማሙ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ከስማችሁ ሥር የፊርማውን ሠንጠረዥ አስገቡት፤ አስተማሪው ማን ምን እንደሠራ ሳትናገሪ ያየዋል።